የገመዱ ሌላኛው ጫፍ

እህቴን ተማሪዎቿ «ቲቸር ሙጫ» ይሏታል። ፊት ለፊት አይደለም፤ ፊት ለፊትማ «ቲቸር» ብቻ ናት። ስሙ የወጣላት ጣቶቿ ሁልጊዜ በደረቀ ሙጫ ስለሚላላጡ፣ ሻርፗና ቦርሳዋ፣ አንዳንዴም ቅንድቧ ሳይቀር ሙጫ ስለማያጣው ነው። ልጆቹ የማያውቁት፣ እኔ ታላቋ ግን አብሬያት አድጌ የማውቀው ሌላም ምክንያት አለ። ይቺ ሴት አንዴ የያዘችውን ሙጭጭ ነው የምትልበት። ልጆች ሳለን አንዲት የሰፈር ጓደኛ ነበረችኝ። ሙጫ አንድ ቀን መጥታ መሃላችን ተቀመጠች፤ ልጅቷ ተሰናብታ እስክትሄድ አልተነሳችም። በማግስቱም እንደዚያው። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ መምጣት ተወች። እኔ ሳለቅስ ሙጫ ጸጉሬን እየዳበሰች «እኔ አለሁልሽ አይደል?» ትለኝ ነበር።

ይሄን የምነግራችሁ ላማት ፈልጌ አይደለም። ደግሞስ እህቴ አይደለች? ባማትስ!

ሙያዋን ግን አልነካባትም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥዕልና የእጅ ሥራ ስታስተምር ኖራለች። ክፍሏ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ነው። ጠረጴዛዎቹ በምላጭ ተጫጭረዋል፣ ከመስኮቱ ሥር የቁርጥራጭ ካርቶኖች ተደርድረዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሱቄ የሚተርፈው ብጥስጣሽ ጨርቅ ሁሉ በከረጢት እየተጠቀጠቀ ወደ እሷ ይሄዳል። ደንበኞቼ የቀሚሳቸው ገበር የዝሆን ጆሮ ሆኖ የአራተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ እንደሚውል አያውቁም። አንድ ቀን ከረጢቱን ላደርስላት ሄጄ ስታስተምር አይቻታለሁ። «መቀሱ አይዞርም! ወረቀቱ ነው የሚዞረው!» እያለች በልጆቹ መሃል ትመላለሳለች። የአንዱን እጅ ትይዝና ወረቀቱን አብራው ታዞራለች፤ ክቡም ክብ ሆኖ ይወጣል። ልጁ የሠራው እሱ ራሱ ይመስለዋል።

አንድ ሴት ልጅ አላት። ፌንጣ ነው የምንላት፤ መራመድ አታውቅማ፣ ትዘላለች እንጂ። ጨዋታዋ ሁሉ በዝላይ ገመድ ነው። ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ አባቷ የአውቶብስ ሹፌር ስለሆነ ማታ ቤት ሲገባ እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ እንጂ ሌላ አይፈልግም። እኔም ጉልበቴን አመካኛለሁ። ስለዚህ እናትየው የገመዱን አንድ ጫፍ የግቢው በር ብረት ላይ አስራ፣ ሌላውን ጫፍ ራሷ ይዛ ታዞርላት ነበር። ብረት አያዞር! ገመዱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይወላገዳል፣ ፌንጣ እግሯ ይጠለፋል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ልጅቷ የእናቷ ነበረች፤ እናቲቱም ይሄን ታውቅ ነበር፤ ሰላም ነበር።

ከዚያ ታብሌቶቹ መጡ። ከታብሌቶቹም ጋር ባለመነጽሯ መጣች።

ባለመነጽሯ ወጣት መምህርት ናት፤ መነጽሯ ትልቅ፣ ክብ፣ ጠርዙ ብጫ ነው። የመጣችው ለልጆቹ ዲጂታል ኮላጅና አኒሜሽን ልታስተምር ነው። ኮላጁ እንኳ የሙጫ ሙያ ነው፤ ልዩነቱ ልጆቹ ቅጠሉን፣ ጋዜጣውን፣ ጨርቁን፣ የራሳቸውን ፊት በታብሌት ፎቶ ያነሱና በጣታቸው ቆርጠው እዚያው ላይ ይለጥፉታል። አኒሜሽኑ ደግሞ የተለጠፈውን በትንሽ በትንሹ እያነቃነቁ ብዙ ሥዕል መሥራት ነው፤ ሥዕሎቹ ተከታትለው ሲያልፉ የወረቀቱ ዓሣ ይዋኛል፣ ጫማው ይበራል።

ፌንጣ የምትማርበት አራተኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። የትምህርት ቤቱ ደንብ የመምህር ልጅ እናቷ ዘንድ እንዳትማር ይከለክላል፤ እስከዚያ ድረስ ሌላ የሥዕል መምህር ስላልነበረ ዝም ተብሎ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሎት ሙጫን «አሁንማ ደንቡን የምናከብርበት ሰው አገኘን፣ መምህርት» አላት። ፌንጣ ወደ ባለመነጽሯ ክፍል ገባች።

ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። «ቲቸር እንዲህ አለች፤ ቲቸር እንዲህ ሠራች፤ ቲቸር በሳንድዊች ፌስታል ጉም ሠራች።» አንድ ምሽት እራት ላይ ነበርኩ። ሙጫ ስለ ሰማያዊና ብጫ ቀለም አንድ ነገር ስትናገር ልጅቷ «ቲቸር ግን እንደሱ አላለችም» አለቻት።

«እኔስ? እኔስ ቲቸር አይደለሁም?»

«አንቺማ እማ ነሽ» አለች ፌንጣ፣ እየጎረሰች።

ሌላ እናት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። የኔ እህት ፊቷ ጠቆረ፤ እራቷንም አልጨረሰች።

ቀጥሎ ፌንጣ ዓይኔን አመመኝ ማለት ጀመረች። የዓይን ሐኪም ዘንድ ተወሰደች። ሐኪሙ «የንስር ዓይን ነው ያላት፤ ይልቅ እናትየው ቢመረመሩ ይሻላል» ብሎ መለሳቸው። መነጽር ስትከለከል ከሱቄ ብጫ ሽቦ ወስዳ፣ ጠምዝዛ፣ መስታወት የሌለው ክብ መነጽር ለራሷ ሠራች። ቤት ውስጥ አድርጋው ዋለች፣ አድርጋው ተኛች። ጠዋት ወለሉ ላይ ተጨፍልቆ ተገኘ። ሙጫ «ሳላየው ረገጥኩት» አለች። ይቺ ሴት ከወለል ላይ መርፌ የምታነሳ ሴት ናት! «ሳላየው» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ የሷ ደግሞ ሽቦም ያጣምማል።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ቁስሏ ላይ ጨው ሊነሰንስ፣ ከትምህርት በኋላ እየቆየች ታብሌቱን ከባለመነጽሯ እንድትማር አዘዛት። ባለመነጽሯ ጨዋ ልጅ ናት። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይጫኑ። እትዬ፣ አይቸኩሉ።»

«እትዬ! ሰማሽ?» ትለኛለች ሱቄ መጥታ፣ ያልጨረስኩትን ልብስ እየቆነጠረች። «በስንት ብበልጣት ነው እትዬ የምትለኝ?»

«ታዲያ ስምሽን ትጥራ?»

«ስሜንም አትጥራ!»

ይሁንና ኮላጁን ቶሎ ለመደችው። ሌየር የሚባለውን ነገር፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው እንደ ስስ ወረቀት ከሌላው በላይ መነባበሩን፣ ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ታብሌቱን ወደ ጎን አድርጋ ብርሃን የሚያሳልፉ ፕላስቲኮችን አመጣች። በአንዱ ላይ ቅጠል ለጠፈች፣ በሌላው ላይ የኔን ገበር፣ በሦስተኛው ላይ የጋዜጣ ቤት። ደራርባ ወደ መስኮቱ ያዘችው። «አያችሁ? ቅጠሉን ባወጣው ቤቱ ምን ይሆናል? ምንም!» ልጆቹ ባንዴ ገባቸው። ባለመነጽሯም ይሄን በበሩ በኩል አይታ በጣም ወደደችውና በማግስቱ እሷም ፕላስቲክ ይዛ አስተማረች፤ «ከእትዬ የተማርኩት ነው» ብላ ለልጆቹ ነገረች። ፌንጣ ይሄን በኩራት ቤት ስትናገር እናቷ ምን አለች መሰላችሁ? «ሰረቀችኝ!»

አኒሜሽኑ ጋ ሲደረስ ግን ሙጫ «የቀረውን ራሴ እደርስበታለሁ» ብላ ከወንበሩ ተነሳች። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ግማሽ ልጩ፣ ግማሽ ጎፈሬ ሆና ቀረች። ተማሪዎቿ የሌላኛው ክፍል ዓሣ ሲዋኝ በመስኮት እየተንጠላጠሉ ያያሉ፤ የነሱ ዓሣ ቆሟል። አንድ ቀን እሷም አብራቸው አየች። ባለመነጽሯ ወለል ላይ ቁጭ ብላለች፤ ፌንጣ አገጯን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ታብሌቱን ታያለች፤ ሁለቱም በአንድ ነገር ይስቃሉ። «አገጯን እኮ የምታሳርፈው እኔ ላይ ነው» አለችኝ በኋላ። ያን ጊዜ አሳዘነችኝ፤ አልዋሽም።

የዓመቱ መጨረሻ ደረሰና ልጆቹ ሥራቸውን ለወላጅ የሚያሳዩበት ቀን ተቆረጠ። ባለመነጽሯ ለክፍሏ የሰጠችው ርዕስ «ደስ የሚለኝ» የሚል ነበር። ፌንጣ የሷን ለማንም አላሳይም አለች። «ሰርፕራይዝ ነው።» እናቷ በልመናም በቁጣም ሞከረች። ምንም።

አሁን የምነግራችሁን እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው ብዬ እንጂ።

የዝግጅቱ ቀን ጠዋት፣ በረፍት ሰዓት፣ ታብሌቶቹ በሙጫ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበሩ። ባለመነጽሯ ሁሉንም አይታ፣ አስተካክላ ጨርሳለች። ሙጫ ለብቻዋ ነበረች። የፌንጣን ታብሌት አወቀችው፤ ጀርባው ላይ የፌንጣ ሥዕል ተለጥፏል። ከፈተችው። የመጀመሪያው ሥዕል ወጣ። ከጋዜጣ የተሠራ ግራጫ ግድግዳ፤ ከላይ ከየመጽሔቱ በተቆረጡ ፊደላት «ደስ የሚለኝ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በግራ በኩል ባለመነጽሯ፣ ከነብጫ መነጽሯ፣ ከፎቶ ተቆርጣ ቆማ ፈገግ ብላለች። እጇን አንስታለች፤ አንድ ገመድ ከእግሯ ሥር ጀምሮ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሌላ ሰው የለም።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይላሉ። የእህቴ ልብ ግን ዓይኗ አይቶ እስኪጨርስ አልጠበቀም። ገመዱ የሷ ነው፤ እሷ የምታዞረው፣ የግቢያቸው ገመድ። እሱንም ሰጠቻት! ከጎን ከተደረደሩት ሌየሮች መሃል ትንሿን ብጫ መነጽር ፈለገችና አጠፋቻት። ሴትዮዋ ከግድግዳው ላይ እልም አለች። ደወል ተደወለ። ታብሌቱን ቦታው መልሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ወደ ክፍል ገባች። ከአንድ ሥዕል ላይ አንዲት ሴት ያነሳች ነበር የመሰላት፤ የኮላጁ ሕግ እንደዚያ ነውና። በአኒሜሽን ግን ያ አንድ ሌየር ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ነው። የሸሸችው ትምህርት ይሄ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። መጋረጃዎቹ በመርፌ ቁልፍ ተያይዘዋል፣ ፕሮጀክተሩ በመጻሕፍት ክምር ላይ ተቀምጧል፣ ልጆቹ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተኮልኩለዋል። እኔ ከሙጫ አጠገብ ተቀመጥኩ። ባሏ ከነዩኒፎርሙ በሩ ጋ ቆሟል፤ ተሳፋሪ እየጠበቀው ነው። አንድ ዓሣ አውቶብስ ዋጠና ባሏን አሳቀው። አንድ ጫማ እናቱን ፍለጋ በረረ። ከዚያ የፌንጣ ተራ ሆነ።

ባዶ የጋዜጣ ግድግዳ። «ደስ የሚለኝ።» መሬት ላይ ገመድ። የገመዱ ግራ ጫፍ ማንም ሳይነካው ብድግ አለና አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ በቀኝ በኩል አንዲት ሴት ገባች። ቀሚሷ የኔ ገበር ነው፤ ያ ሰማያዊው አበባማ፣ የትም ባየው የማልስተው። ፊቷ የሙጫ ፊት ነው። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ ፌንጣ መቼ ፎቶ እንዳነሳቻት እንጃ፤ እህቴ እንዲህ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የገመዱን ቀኝ ጫፍ አነሳች። ገመዱ መዞር ጀመረ። ከመሃል አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ አለችና ዘለለች፣ ዘለለች። በቀኝ እናቷ ታዞራለች፤ በግራ ማንም የለም። ጫፉ ለብቻው አየር ላይ ይሽከረከራል።

«ጂን ነው የሚያዞረው!» አለ አንድ ወላጅ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ፤ ሁሉም ሆን ተብሎ የተሠራ ቀልድ መስሎታል።

የሙጫ እጅ እጄን ያዘ።

ፌንጣ ከልጆቹ መሃል ተነሳች። «ቆይ! ቆይ፣ አቁሙት! ቲቸር የለችም! ቲቸር የት ሄደች?»

ባለመነጽሯ ፊልሙን አቆመችና ታብሌቱን አገላብጣ አየች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ፌንጣዬ፣ ይቅርታ። ከፕሮጀክተሩ ጋር ሳገናኘው ነካክቼ መሆን አለበት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ማስመሰል አልነበረም፤ ከልቧ ራሷን ነው የጠረጠረችው።

«ስንት ቀን ሙሉ ነው የሠራሁት!» የፌንጣ ድምፅ ተሰበረ። «ሁለተኛ አላናግርሽም!» ብላ በወንበሮቹ መሃል ሮጣ መጥታ እናቷ ጭን ላይ ተወረወረች። አገጯንም የእናቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ ተንሰቀሰቀች።

ይኸው። እህቴ ዓመቱን ሙሉ የተመኘችው ነገር ሁሉ ጭኗ ላይ ነው። ልጅቷ ተመልሳለች፣ ያቺ ሴት ተባርራለች፣ ጥፋቱንም ራሷ ወስዳዋለች። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ፊቷን ዞሬ አየሁትና ሁሉም ነገር ገባኝ፤ እኔ ያሳደግኳት ናት። እጆቿ የልጅቷን ጀርባ ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል። የያዘችውን አትለቅም ብያችሁ የለ? እንደማትለቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ማንም አልሰማትም። ልጅቷን እንዳቀፈች ተነሳች።

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጠዋት፣ በረፍት ሰዓት።»

ርዕሰ መምህሩ መውጫ ሊያበጅላት «መቼም በስህተት ነው፣ መምህርት» አለ።

«አይደለም። ሆን ብዬ ነው። አንዱን ሥዕል ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ፌንጣ ከእቅፏ ተንሸራታ ወረደች። አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት። «ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በሷ።»

ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ጥርሷን ከፍታ የምትስቀው እናቷ ገመዱን ይዛ እዚያው ቆማለች። «ግን እኮ አንቺም አለሽበት!» አለች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ባሏ በሩ ጋ ቆቡን አውልቆ ያዘ። እኔ መሬቱ አፉን ከፍቶ እህቴን ቢውጣት፣ እኔንም ደርቦ ቢወስደኝ በወደድኩ። እሷ ግን በወንበሮቹ መሃል አልፋ፣ ወላጅ ሁሉ እያየ፣ ወደ ባለመነጽሯ ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቃት መስሎኝ ነበር።

«ነይ እዚህ ቁሚ» አለቻት።

«እትዬ?»

«ከመብራቱ ፊት። ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ። በጎን፣ በጎን! እጅሽን አንሺ።» ክንዷን ያዘችና እንደ ተማሪዎቿ እጅ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ መራችው። ወደ ኋላ ሄደች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ለካች፣ ተመልሳ ክርኗን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። «አሁን ከመጀመሪያው አስነሱት።»

ፊልሙ ተጀመረ። በባዶው ግድግዳ ግራ በኩል የባለመነጽሯ ጥላ ቆሟል፤ የመነጽሯ ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። ገመዱ ብድግ ሲል ጫፉ ጥላዋ እጅ ውስጥ ገባ። እናቲቱ መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ባለመነጽሯ ክንዷን ማዞር ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀደመች፣ ከዚያ ዘገየች፣ ከዚያ ገጠመላት። በሁለቱ መሃል ፌንጣ ዘለለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፌንጣ አላጨበጨበችም፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ዝላዩን በከንፈሯ ትቆጥር ነበር። ሲያልቅ ሄዳ የባለመነጽሯን እጅ ያዘች። ወደ እናቷ አልመጣችም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ የኔን እጅ ይዛ ከፊት፣ ሙጫ የሁለታችንን ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ሄድን። ግቢው ጋ ስንደርስ ፌንጣ ዘላ ገባችና ከውስጥ ሆና ጮኸች፦ «እታለም! ለእማ ንገሪያት! ነገ ቲቸር መጥታ ገመድ ትያዝልኝ ወይ?»

ልጅቷ ያን ያህል ነው የተቀየመቻት፤ ሁለት እርምጃ ላይ ላለች እናቷ መልእክት በኔ በኩል!

ሙጫ በሩ ብረት ላይ የታሰረውን የገመድ ቋጠሮ ስታይ ቆየች። በፀሐይና በዝናብ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቦርሳዎቹን አስቀምጣ ልትፈታው ጀመረች፤ በጥፍሯ እምቢ አላት፣ በጥርሷ ያዘችው። ታለቅስ ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ።

«እታለም» አለችኝ፣ ቋጠሮውን እንደነከሰች።

«ወይ።»

«አየሽው አይደል? ጥላዋ እንኳን ያምራል።»

ብረቱን ያዝኩላት፤ እሷም መፍታቷን ቀጠለች።